ሞልቼ የመለስኩት ሞተር

ሎስ አንጀለስ ውስጥ የበረዶ መጥረጊያ ማሽን የሰበረ ሰው ከእኔ ሌላ ያለ አይመስለኝም። በረዶ በማይጥልበት ከተማ የበረዶ ማሽን መስበር ቀላል ሥራ አይደለም። መጀመሪያ ማሽኑን ማግኘት ያስፈልጋል፤ ቀጥሎ ደግሞ አርፎ ያለመቀመጥ በሽታ ያስፈልጋል። ማሽኑን ያመጡት ጋሼ ታከለ ናቸው። በሽታው የራሴ ነው።

በሽታዬን አስቀድሜ ልናዘዝ። ፍርድ ሲጓደል ዝም ማለት አልችልም። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም፤ ግን ተራ ምን እንደሆነ፣ ድርሻ ምን እንደሆነ ለማወቅ አምስተኛ ክፍል መግባት አያስፈልግም። አንድ ጊዜ ፌርፋክስ ላይ አውቶቡስ ስንጠብቅ፣ ሰልፉን ጥሶ ሊገባ የነበረውን ሰውዬ በኮቱ ይዤ ወደ ኋላ መለስኩት። ሰልፈኛው ሁሉ ደገፈኝ። ሰውዬው ግን ሹፌሩ ነበር። ያን ቀን ሁላችንም አረፈድን። ቢሆንም ተራ ተራ ነው።

የምኖረው ከዚያው ከፌርፋክስ ጎዳና ትንሽ ገባ ብሎ አሥር ቤት ባለው ሕንፃ ውስጥ ነው። ከሥሩ መኪና ማቆሚያ አለው። እኔ መኪና የለኝም፤ ነድቼም አላውቅም። ለእያንዳንዱ ቤት አንድ አንድ ቦታ ስለተሰጠ ግን አንዱ የኔ ነው። እዚያ የኔ ቦታ ላይ የሰው ኮተት ቀስ በቀስ መግባት ጀመረ። መጀመሪያ ጎማ የሌለው ብስክሌት መጣ። በር የሌለው ፍሪጅ ተከተለው። አንድ ጠዋት ስወርድ ደግሞ፣ ማንም የኔ ነው የማይለው ትልቅ ሶፋ መሐል ቦታዬ ላይ እንደ ባላባት ተንሰራፍቶ ተቀምጧል።

ሕንፃውን የምታስተዳድረው ሄርሜላ የምትባል እዚሁ ተወልዳ ያደገች ልጅ ናት። ጎበዝ ናት፤ አንቱ የሚባል ነገር ግን አልደረሳትም፣ የአያቷን እኩያ እኔን "አንቺ" ትለኛለች። ሰባት ጊዜ ሄጄ አመለከትኩ። በሰባተኛው፣ "ኦኬ እማማ፣ ሶ የማይሠራ ዕቃ በሙሉ ቅዳሜ ጠዋት ይወጣል፤ የሚሠራው ይቀራል። የቱ እንደሚሠራ ግን አንቺ ቼክ አድርጊና ሊስት ጻፊልኝ" አለችኝ። ልጅቷ ከኔ መገላገሏ ነበር። እኔ ግን ዳኛ የተሾምኩ መሰለኝ።

ደብተር ገዝቼ ወረድኩ። ገጹን መሐል ለመሐል አስምሬ በአንድ በኩል "ይሠራል"፣ በሌላው በኩል "አይሠራም" አልኩ። ብስክሌቱ አይሠራም። ፍሪጁ አይሠራም። ሶፋውን ተቀምጬ ሞከርኩት፤ መሥራቱን ይሠራል፣ ግን ባለቤት የለውም፣ ይውጣ። ቀጥሎ የዘይነባ የስፌት መኪና መጣ።

ዘይነባ ታችኛው ፎቅ የምትኖር የወሎ ሴት ናት፤ ፌርፋክስ ላይ ሱቅ ውስጥ ትሠራለች፣ የሱቁን ቫንም እሷው ትነዳለች። በዕድሜ ባላንሳትም ባልበልጣትም በአፍ ትበልጠኛለች። ያቺን የስፌት መኪና ከደሴ ድረስ አቅፋ ነው ያመጣቻት። እጀታዋን ባዞረው አልዞር አለኝ። የወዳጅ ዕቃ ነው ብዬ ባልፈው ፍርዱ ምን ፍርድ ነው? "አይሠራም" ብዬ ጻፍኩ። ዘይነባ ደብተሩን አየች፣ እኔንም አየች፣ የስፌት መኪናዋን እንደ ሕፃን አቅፋ ወጣች። ሁለት ቀን ሰላምታ ነሳችኝ።

በመጨረሻ ጥግ ላይ ሸራ ለብሳ የቆመችው የጋሼ ታከለ ማሽን ቀረች። ሸራዋን ስገልጠው ቀይ ናት። አፏ እንደ ጉማሬ የተከፈተ፣ አፏ ውስጥ የተጠማዘዘ ብረት ያለባት፣ ከራሷ ላይ ደግሞ እንደ ጭስ ማውጫ የቆመ አንገት ያላት። በረዶውን በአፏ ትውጥና በአንገቷ ወደ ጎን ትተፋዋለች ማለት ነው።

ጋሼ ታከለ ባለቤታቸው ከሞቱ በኋላ ከሚኒያፖሊስ ወደዚህ የመጡ ዝምተኛ ሰው ናቸው። ደረጃ ላይ ስንገናኝ ኮፍያቸውን ከፍ አድርገው ጤና ይስጥልኝ ይላሉ፤ ከዚያ ወዲያ ወሬ የለም። ያን ሁሉ አገር አቋርጠው፣ በረዶ ወደሌለበት ከተማ የበረዶ ማሽን ለምን እንዳመጡ የጠየቀቻቸው ዘይነባ ብቻ ናት። የመለሱላትም "የአሰለፈች ናት" የሚል ብቻ ነው። አሰለፈች ሟች ባለቤታቸው ናቸው። ሄርሜላ የማይሠራ ዕቃ ቅዳሜ ይወጣል የሚል ማስታወቂያ በሩ ላይ በለጠፈች ማግስት ጋሼ ታከለ ሻንጣቸውን ይዘው ሲያትል ልጃቸው ዘንድ ሄዱ። የሚመለሱት ቅዳሜ ነው ተባለ።

እንግዲህ ነገሩ ይኸው ነው። ያቺ ማሽን ካልሠራች ቅዳሜ ጠዋት የቆሻሻ መኪና ይወስዳታል፤ የሚወስዳትም በኔ ብዕር ነው። የሞተች ሴት ዕቃ፣ ተቆርቋሪዋ በሌሉበት፣ ሳይመረመር ሊፈረድበት ነው? በኔ ቤት አይሆንም።

ማክሰኞ ወረድኩ። ጎኗ ላይ የተለጠፈውን ሥዕል እየተከተልኩ የቤንዚን ክዳኗን ከፈትኩ። ደረቅ ናት። ከማደያ ጥቂት ቤንዚን በጀሪካን አምጥቼ አቀመስኳት። ገመዷን ሳብኩ፤ አሳለች። ደግሜ ሳብኩ፤ ደግማ አሳለች። በአምስተኛው ተነሣች። ማቆሚያው በድምፅዋ ተናወጠ፤ የሦስት መኪና ጡሩንባ አብሮ ጮኸ። በደስታ "ይሠራል" ብዬ በትልቁ ጻፍኩና አጠፋኋት። እዚያ ላይ እጄን ሰብስቤ ቤቴ ብገባ ኖሮ ዛሬ የማወጋችሁ ነገር አይኖርም ነበር።

ግን የሰው ዕቃ ነክቻለሁ። እናቴ ደግሞ የሰው ዕቃ ባዶውን እንዳይመለስ አድርጋ ነው ያሳደገችኝ። ወንፊት የተዋሰ ሰው ሲመልስ እፍኝ ሽሮ ጣል ያደርግበታል፤ ምንም ከታጣ አንድ ሎሚ አይታጣም። የጎረቤት ሳህን ባዶውን የመለሰች ሴት ሳህኑ ሳይደርስ ስሟ ሰፈሩን ይዞራል። ስለዚህ ቤንዚኗን እስከ አፏ ሞላሁት። ቀና ስል ዝቅ ብሎ ሌላ ክዳን አየሁ። ከፈትኩት፤ ቀጭን ዘንግ ተያይዞ ወጣ። የዘይቱ ነው። ጎንበስ ብዬ ሳይ ዘይቱ ከታች ከወለሉ ላይ ነው ያለው፤ ባዶ ማለት ይቀላል። ዘንጉ ላይ ከዚህ አይለፍ የሚል ጭረት አለ። አላየሁትም ብዬ አልዋሽም፣ አይቼዋለሁ። ልክ የሚባለው ነገር ለስስታም የተበጀ መስሎኝ ነው እንጂ። ሁለት ጠርሙስ የሞተር ዘይት ገዝቼ መጣሁና ከቀዳዳው እስኪፈስ ሞላኋት። አደራ የተሰጠኝ ይመስል ከሥሯ ያለውን አቧራም ልጥረግላት ብዬ በጎኗ አጋደምኳት፣ ጠረግኩ፣ አቆምኳት፣ ሸራዋን አለበስኳት። ጋሼ ታከለ መጥተው ክዳኑን ሲከፍቱ ጎረቤት እንዳላቸው ይወቁ አልኩ። ደስ ብሎኝ ቤቴ ገባሁ።

ረቡዕ ከዘይነባ ልታረቅ ፈለግሁና፣ ነይ የማሽኗን ድምፅ ላሰማሽ ብዬ አወረድኳት። ገመዱን ሳብኩ። ንቅንቅ የለም። ዘይነባ ዞር በይ ብላ እሷ ሳበች። ግድግዳ መሳብ ይሻላል። በመጨረሻ እኔ ገመዱን፣ ዘይነባ ወገቤን ይዛ፣ እሷ ቢስሚላሂ፣ እኔ በስመ አብ ብለን አንድ ላይ ሳብን። ገመዱ ጧ አለ። እኔ ዘይነባ ላይ፣ ዘይነባ ሶፋው ላይ ወደቅን። ያ ባለቤት የሌለው ሶፋ ያን ቀን እንጀራውን በላ።

ዘይነባ ከሥሬ ሆና ትንፋሿን ሰብስባ፣ "ይሠራል ብለሽ ጽፈሽ የለም? ተይው በቃ። ማን ገልጦ ያያል?" አለችኝ።

"እኔ አይቻለሁ።"

"የኔዋን ስትጽፊ እኮ እንዲህ አልተጨነቅሽም፣ እቴ።"

እውነቷን ነው። ደብተሩን አውጥቼ "ይሠራል" የሚለውን ሰረዝኩና "አይሠራም" ብዬ ጻፍኩ። ፊደሉ ሲወጣ እንደ እሾህ ነው የወጣው። ደህና የነበረችን ማሽን በደግነቴ ገድዬ፣ ደግሞ ሞቷን ራሴ መዝግቤ፣ ጋሼ ታከለ ሲመጡ ባዶ ጥግ ላሳያቸው ነው። ሄርሜላን ልማለድ ብልስ? ሕጉን ሰባት ጊዜ ተመላልሼ ያስወጣሁት እኔ፣ ለራሴ ጥፋት ሲሆን ላስቀረው ነው? የሰበረ ይጠግናል። ሌላ መውጫ የለውም፤ ቀኑም ሁለት ብቻ ነው የቀረው።

ዘይነባ ኩርፊያዋን ዋጥ አድርጋ፣ ጋርዴና በምትባል ጎረቤት ከተማ ውስጥ የሣር ማጨጃ የሚጠግን አንድ ሽማግሌ እንዳለ ነገረችኝ። ሐሙስ ጠዋት ቫኗን አመጣች። ሳንቃ አጋድመን ማሽኗን ልንገፋ የኋላውን በር ስትከፍት፣ በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ነገር አየሁ። ከብርድ ልብሱ ጫፍ የስፌት መኪናዋ እጀታ ብቅ ብሏል። አልጣለቻትም። ከኔ ደብተር ሸሽጋ፣ በየሄደችበት ይዛት ትዞራለች። እኔ አየሁ፤ እሷም ማየቴን አየች። ሁለታችንም ምንም ያላየን መስለን ማሽኗን ገፋን።

የማሽኗ አንገት ቁመቱ አልገባ ብሎ በመስኮት ወጥቶ ነው የሄድነው። አየር ማረፊያው አጠገብ፣ ኢንግልዉድ ላይ መብራት ሲይዘን፣ አውሮፕላኑ ሁሉ ከራሳችን በላይ ዝቅ ብሎ ሲያልፍ፣ አጠገባችን የቆመ ሰው መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ይህ የምን ዕቃ ነው ብሎ ጠየቀ። ዘይነባ ወደ ሰማይ አየት አድርጋ፣ ከአንዱ ወድቆ ነው፣ ልንመልስላቸው እየሄድን ነው አለችው። መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ እንኳ ሰውዬው አልተንቀሳቀሰም።

ጠጋኙ ኬንጂ ይባላሉ። ቤተሰባቸው ከጃፓን የመጣ፣ እሳቸው ግን እዚያው ጋርዴና ተወልደው ያረጁ፣ ቀጭን፣ መነጽራቸው በገመድ የታሰረ ሽማግሌ ናቸው። እንግሊዝኛ አንቱታ ስለሌለው አፌ አላላቸውም እንጂ በልቤ አንቱ ብያቸዋለሁ። ማሽኗን ሲያዩ ግመል በር ላይ የቆመበት ሰው ይመስሉ ነበር። ዕድሜ ልካቸውን ሣር ማጨጃ ሲጠግኑ እንዲህ ያለ ነገር አይተው አያውቁም፤ በረዶ ሲጥልም አይተው አያውቁም። ሞተር ግን ሞተር ነው አሉና የዘይቱን ክዳን ከፈቱ። ዘይቱ ጫማቸው ላይ ፈሰሰ።

"ይህን የሞላው ማን ነው?"

"እኔ።"

"ለምን?"

የኔ እንግሊዝኛ ለአውቶቡስ እንጂ ለእንዲህ ያለ ነገር አይበቃም። ግማሹን በእጄ፣ ግማሹን በዘይነባ በኩል ነገርኳቸው። ወንፊቱን፣ ሳህኑን፣ ሎሚውን ሁሉ። ሽማግሌው መነጽራቸውን አውልቀው ብዙ ጠረጉ። ከዚያ፣ እናታቸው የጎረቤት ሳህን ስትመልስ ቤት ውስጥ ሌላ ነገር ከጠፋ አንድ ቀፎ ክብሪት ታደርግበት እንደነበር ነገሩን። እስከዚያች ደቂቃ ይህ የኛ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

"ሞተር ግን ሳህን አይደለም" አሉኝ ቀጥለው። "ከልኩ ካለፈ መተንፈሻ ያጣል።"

ነገሩን ሲያስረዱኝ እንዲህ ነው። ማሽኗን በጎኗ ሳጋድማት ትርፉ ዘይት ፒስተን የሚባለው ብረት የሚመላለስበት ክፍል ገብቷል። አየር ሲጫኑት ይታመቃል፤ ዘይት ግን ቢጫኑት አይታመቅም። ስለዚህ ፒስተኑ ባለበት ተቀርቅሮ ቀረ፤ እኛ ስንታገል ገመዱ ተበጠሰ። ሽማግሌው ይህን ብለው ቁልፋቸውን ሲያነሱ እጃቸውን ያዝኩ። ያጠፋው የኔ እጅ ነው፣ ይጠግን አልኩ። ዘይነባ ሁለት ጊዜ ተረጎመችላቸው፤ በመጀመሪያው አላመኑም። ከዚያ ባልዲ ደፍተው ተቀመጡበትና በከዘራቸው እየጠቆሙ እንደ ቄስ ትምህርት ቤት መምህር ያስቆጥሩኝ ጀመር።

ትርፉን ዘይት ቀዳሁ። የገመዱን ቤት ፈታሁ፤ ውስጡ ያለው ጥምዝ ስፕሪንግ እንደ እባብ ተፈትልኮ ወጣና ዘይነባን ቫኑ ውስጥ አስገባት። መልሼ ጠመዘዝኩት፤ መልሶ ወጣ። በአራተኛው ላይ ትዕግሥቱ ከኔ ቀድሞ አለቀና ተቀመጠ። አዲስ ገመድ አስገባሁ። ቋጠሮውን የቋጠርኩት ጭነት እንደሚጫን አድርጌ ነው፤ ሽማግሌው በጥርሳቸው ቢስቡትም አልፈታ አላቸው። ብልጭታ የሚሰጠውን ካንዴላ ፈትተሽ ገመዱን ሳቢ አሉኝ። ሳብኩ። ፒስተኑ ክፍል ውስጥ የታጎረው ዘይት በካንዴላው ቀዳዳ ምንጭ ሆኖ ወጣ፤ ግማሹ ነጠላዬ ላይ፣ ግማሹ የሽማግሌው መነጽር ላይ። መነጽሩን ሳያወልቁ፣ መንቀሳቀስ ጀመረ ማለት ነው አሉ።

ካንዴላውን ቁጭ ብዬ በብሩሽ ስጠርግ ዘይነባ ቫኑ በር ላይ ተደግፋ ትመለከተኛለች። ለማንም ሳይሆን ለአየሩ እንደምትናገር ሆና፣ "ለኔዋ ግን አንድ ቀን እንኳ አልሰጠሽም" አለች።

ለጋሼ ታከለ ማሽን ጋርዴና ድረስ መጥቼ በዘይት ታጥቤያለሁ። ለዘይነባ የስፌት መኪና እጀታዋን አንዴ ነካ አድርጌ ነው የፈረድኩት። ብሩሹን አስቀምጬ ቫኑ ውስጥ ገባሁና የስፌት መኪናዋን ከነብርድ ልብሷ አምጥቼ ሽማግሌው ጉልበት ላይ አስቀመጥኳት። ገልብጠው አዩ፣ ወረንጦ አስገቡ፣ አንድ የቀይ ክር ጉንጉን ጎትተው አወጡ። እጀታዋ ዞረች። የሕመሟ ነገር ይኸው ነበር። ወደ ዘይነባ ዞርኩ። ይቅር በይኝ አልኳት። ወደፊት እናያለን አለችኝ።

ዘይቱ እንዲንጠፈጠፍ ማሽኗን እዚያው አሳድረን፣ ዓርብ ተመልሰን ሄድን። ዘይቱን እንደገና ስጨምር ሽማግሌው ዘንጉን አስጠርገው፣ አስነክረው፣ እንደገና አስጠርገው ጭረቱ ላይ እስክደርስ ሰባት ጊዜ አስነበቡኝ። ገመዱን ሳብኩ። በሦስተኛው ተነሣች፤ ነጭ ጭስ ግን ግቢውን ዋጠው። አጠገቡ ካለው ጎማ ቤት ሁለት ሰዎች የእሳት ማጥፊያ ይዘው እየሮጡ መጡ። የቀረ ዘይት ነው የሚቃጠለው ብለው ሽማግሌው አስቆሟቸው። ቀስ በቀስ ጭሱ ሳሳ፣ ድምፅዋም ጠራ። ሽማግሌው ግን በዚህ አልበቃቸውም። ሥራዋን ሳላይ ተሠራች አልልም ብለው ከሱቅ ሁለት ከረጢት በረዶ አስመጡና አፏ ውስጥ አፈሰሱት። ዋጠችው፣ አደቀቀችው፣ በአንገቷ አሽቀንጥራ በአጥር አሳልፋ ጎማ ቤቱ ላይ አዘነበችው። ሰዎቹ እንደገና መጡ። ሽማግሌው አላዩአቸውም፤ ኮፍያቸው ላይ የወደቀውን የበረዶ ፍርፋሪ በመዳፋቸው ይዘው እስኪቀልጥ ድረስ ይመለከቱ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ሄርሜላ ወረቀቷን ይዛ ወረደች፤ የቆሻሻ መኪናው በር ላይ ቆሟል። ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቧል። ሄርሜላ፣ ደብተሬ ላይ እንደገና ይሠራል ብዬ የጻፍኳትን ማሽን አይታ ሳቀች።

"እማማ፣ እዚህ አገር በረዶ የለም። ሶ፣ ይሠራል የሚባለው እንዴት ነው?"

"ኮሪደሩ ላይ የእሳት ማጥፊያ ሰቅለሻል" አልኳት። "እሳት እስኪነሣ ድረስ አይሠራም ብለን እንጣለው?"

አሰበችበት። እዚህ ያደገ ልጅ ጥሩነቱ ለምክንያት እሺ ይላል። "ኦኬ፣ ስታርት አድርጊውና ልየው" አለች። ገመዱን ሳብኩ፤ በሁለተኛው ተነሣች። ልክ በዚያን ጊዜ ከአየር ማረፊያ የመጣ ታክሲ ደጃፉ ላይ ቆመና ጋሼ ታከለ ወረዱ። የቆሻሻውን መኪና አዩት። ከዚያ ድምፅዋን ሰሙ። ሻንጣቸውን መንገዱ ላይ ትተው መጡ፣ እንዴት እንደተራመዱ የሚያውቁ አይመስለኝም፤ አጠገቧ ቆመው መዳፋቸውን ቀዩ ብረት ላይ አሳረፉ።

አጠፋኋት። ጸጥታው ሳያመልጠኝ ሁሉንም ተናዘዝኩ፤ መሙላቴን፣ ማጋደሜን፣ መስበሬን፣ ጋርዴናን። የስፌት መኪናውንም ጭምር ተናግሬ ደብተሩን ለሄርሜላ መለስኩላት። ጋሼ ታከለ እስከ መጨረሻው አዳመጡኝና ቀኝ ትከሻቸውን በግራ እጃቸው ያዙ።

"እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ ላስነሣት አልቻልኩም" አሉ። "ትከሻዬ ገመድ አይስብም። ማስታወቂያውን ሳይ፣ አለቀላት፣ ትሂድ፣ ስትሄድ ግን አልይ ብዬ ነው ሲያትል የሸሸሁት።"

"ታዲያ ሰው አይጠሩም? እኔ አልነበርኩም?"

"ሎስ አንጀለስ ውስጥ የበረዶ ማሽን ለምን ላስነሣልዎ ቢሉኝ ምን እላለሁ?"

"ምን ይሉ ነበር?"

ኮፍያቸውን አውልቀው ጫፉን አሻሹ። አሰለፈች ሁልጊዜ ከሳቸው ቀድማ ትነሣ ነበር አሉ። የራሳቸውን ደጅ ጠርጋ፣ የሁለት ባልቴት ጎረቤቶቿን ደጅ ደግሞ ጠርጋ ነው የምትገባው። እሳቸው አልጋ ውስጥ ሆነው የሚነቁት በዚህ ሞተር ነበር። "ድምፅዋን ልስማ፣ ያ ብቻ ነው" አሉ። "አንቱ ባይነኳት ኖሮ ዛሬ ሳልሰማት ትሄድ ነበር። እግዜር ይስጥልኝ።"

ይህን ጊዜ ነው የተናደድኩት። የሰበርኩ እኔ፣ ካሳ የሚገባቸው እሳቸው፤ ምስጋናው ከየት መጣ? ይቅጡኝ እንጂ አያመስግኑኝ አልኳቸው። እሳቸው ደግሞ፣ የሰው ሥራ ሠርተው የሰው ምስጋና አልቀበልም የሚሉት ምን ዓይነት ኩራት ነው አሉኝ። እኔ ካሳ ስል፣ እሳቸው ምስጋና ሲሉ፣ የቆሻሻው መኪና ሾፌር ጡሩንባውን እስኪነፋ ድረስ ተከራከርን። በመጨረሻ ሽማግሌ ይዳኘን ተባለ። ሁሉም ሰው ወደ ዘይነባ ዞረ። እሷም ይህን ቀን ከደሴ ከወጣች ጀምሮ ስትጠብቀው የኖረች ይመስል ነጠላዋን አስተካክላ ቆመች።

"የመጀመሪያው" አለች፣ "ወር በገባ ቁጥር አንድ ቀን ወርደሽ ታስነሺላቸዋለሽ። ዘይቱን በጭረቱ ልክ። ሁለተኛው፣ ምስጋናቸውን ትቀበያለሽ፤ ያለ ክርክር። ወላሂ፣ ለአንቺ ከዚህ የከበደ ቅጣት አላውቅም።"

ፍርዱ ትክክል ነበር። ትክክል ባይሆን ይግባኝ እላለሁ፤ መላ አካሌን ፈትሼ ይግባኝ የሚሆን አጣሁ። ጋሼ ታከለ ኮፍያቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ ዐይኔን እያዩ፣ "እግዜር ይስጥልኝ፣ እትዬ" አሉኝ እንደገና። መልሱን ሕፃን ልጅ ያውቀዋል። ያም ሆኖ፣ ያን ሁሉ ሰው ፊት ቆሜ "አብሮ ይስጥልን" የምትለዋን ከጉሮሮዬ ለማስነሣት ከማሽኗ ገመድ ይልቅ ብዙ ጊዜ ነው የሳብኩት።